ሳንደር የቱን ልግዛ? የእንጨት ማለስለሻ ማሽኖችን አወዳድሮ የመምረጥና የመጠቀም መመሪያ

«ሳንደር ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ አዲስ የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ ወጣት ነው። አንዳንዴ የእናቷን የዋንዛ ጠረጴዛ ማደስ የፈለገች ሴት ናት። አንዳንዴ ደግሞ ከአሜሪካ ለወንድሙ ማሽን ይዞ ሊመጣ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ለሁሉም በአንድ ቦታ ልመልስ።

አንድ ማሽን ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ፣ 125 ሚሊ ሜትር የሆነውን ክብ ራንደም ኦርቢታል ሳንደር ግዙ። ለምን እሱ እንደሆነ፣ መቼ ደግሞ ሌላው እንደሚሻል ከታች በደረጃ አስቀምጫለሁ። ማሽኑን ከመረጣችሁ በኋላ ያለውን ክፍል አትዝለሉ። ጥሩ ማሽን በመጥፎ አያያዝ እንጨት ያበላሻል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የምታወዳድሯቸው ማሽኖች (ከጎረቤት ሥራ ቤት መዋስም ይቻላል)
- ብርጭቆ ወረቀት፦ ቁጥር 60፣ 80፣ 120፣ 180 እና 220፣ ለየማሽኑ በሚሆን ቅርጽ
- 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቁራጭ ጣውላ፣ ልትሠሩበት ካሰባችሁት እንጨት
- እርሳስና ቀጥ ያለ ማስመሪያ
- እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ
- ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት ውኃ
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- የብናኝ ጭንብል (ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል ጽሑፍ ያለበት)፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ

ተራው የጨርቅ ወይም የቀዶ ሕክምና ማስክ እዚህ ቦታ አይሠራም። ደቃቁ ብናኝ በጎኑ ይገባል።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን ለዩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ። ገጹ ምን ያህል ሰፊ ነው? ምን ያህል ሻካራ ነው? የውስጥ ማዕዘን አለው ወይ?

ይህን የማስቀድመው ሳንደሮች አንዱ የሌላው ትንሽና ትልቅ ስላልሆኑ ነው። እንጨቱን የሚነኩበት መንገድ ራሱ ይለያያል። በኮላ የተጋጠሙ ጣውላዎችን ደረጃ ለማስተካከል የሚገዛው ማሽን፣ የረከቦት መሳቢያ ውስጡን ለማለስለስ ፈጽሞ አይሆንም።

2. ማሽኖቹን እወቁ

*ቤልት ሳንደር።* እንደ ቀበቶ የተጋጠመ ብርጭቆ ወረቀት በሁለት ሮለር ላይ ይዞራል። እንጨቱን የሚፍቀው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በቀጥታ ነው። በብዛት የሚገኙት የቀበቶ መጠኖች 75 በ533 እና 100 በ610 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከባድ ነው፤ ጉልበቱም ብዙ ነው። ከመጋዝ የወጣ ጣውላ፣ ከፍና ዝቅ ያለ መጋጠሚያ፣ መሬት የሚነካ የበር ታች፣ ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው።

ችግሩም እዚያው ጉልበቱ ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ለአፍታ ቢቆም ይቆፍራል። የመጀመሪያውን የዋንዛ ጠረጴዛ የሠራሁ ጊዜ መሐሉ ላይ ሰው ላናግር ዞር አልኩ፤ ማሽኑ እጄ ላይ እንደበራ ነበር። እንደ ሳህን የጎደጎደ ቦታ ቀረ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በስቱኮ አይሞላም፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መድኃኒቱ ሙሉውን ገጽ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። እኔም ያንኑ አደረግሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ስለዚህ ቤልት ሳንደርን ለጀማሪ እንደ መጀመሪያ ማሽን አልመክርም።

*ካሬ ኦርቢታል ወይም ፊኒሺንግ ሳንደር።* ከሥሩ ያለው ካሬ ጎማ በጣም ትንሽ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ጎማው ራሱ ግን አይሽከረከርም። ትልቁ ጥቅሙ ተራውን ብርጭቆ ወረቀት መጠቀሙ ነው። 230 በ280 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሙሉ ወረቀት አራት ቦታ ቆርጣችሁ በመያዣው ታስሩታላችሁ። ወረቀቱ በየትኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል፤ ርካሽም ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ መሳቢያና ቁም ሣጥን ውስጥ እስከ ማዕዘኑ አካባቢ ይደርሳል።

ደካማ ጎኑ ዝግታው ነው። ሻካራ ጣውላ ላይ ብታወጡት ግማሽ ቀን ይፈጅባችኋል። ደግሞ ሁሌም ያንኑ ትንሽ ክብ ስለሚደግም፣ በሻካራ ወረቀት ከሠራችሁበት የተጠማዘዘ ጭረት ይተዋል።

*ራንደም ኦርቢታል።* ይህኛው ሁለት እንቅስቃሴ አለው። ክብ ጎማው እንደ ካሬው ትንሽ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያው ላይ በነጻነት ይሽከረከራል። ሁለቱ ሲደባለቁ የወረቀቱ ቅንጣት በሄደበት መንገድ ተመልሶ አይሄድም። ጭረቱ ይበታተናል፤ ዓይን አይይዘውም። የበር ክፈፍ ላይ ቋሚውና አግዳሚው እንጨት ሲገናኙ ጅማታቸው (እንጨቱ ላይ የሚታየው የተፈጥሮ መስመር) ይሻገራል። እዚያ ላይ ቤልት ሳንደር አንዱን አቋርጦ ይቧጭራል፤ ራንደም ኦርቢታል ግን ሁለቱንም በእኩል ያያል።

ሻካራ ወረቀት ሲገጠምለት ይፍቃል፣ ደቃቅ ሲገጠምለት ያለሰልሳል። «አንድ ብቻ» ለሚለኝ ሰው ይህን የምለው ለዚህ ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው፤ አሮጌ ቀለም በከፍተኛ ፍጥነት ሲፋቅ ይግላል፣ ቀልጦም ወረቀቱን ይደፍናል። ሁለተኛው በማሽኑ ዝርዝር ላይ የተጻፈው የእንቅስቃሴው ስፋት ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ለቤት ዕቃ ይስማማል። 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ብዙ ይፍቃል፤ ማጨረሻውን ግን ሻካራ ያደርገዋል።

ጉድለቱ ክብ መሆኑ ነው፤ ማዕዘን አይገባም። ወረቀቱም በቬልክሮ የሚለጠፍ ክብ ስለሆነ ለብቻ ይገዛል፤ ከተራው ይወደዳል።

*ዴልታ ሳንደር።* የካውያ ጫፍ ይመስላል። ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጠባብ ጥግ ይገባል። የወንበር እግር መጋጠሚያ፣ የመስኮት ጥግ ላይ ይረዳል። ለሰፊ ገጽ አይሆንም።

«ግራይንደር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ገጥሜ ብሠራስ?» የሚለኝም ብዙ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል፤ ያውም ሙሉ ዙር። ጠርዙ እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል፣ ያቃጥላልም። የበርጩማ መቀመጫ ለመጎድጎድ ይሆናል። ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ግን አታውጡት።

3. ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ፈትሹ

ማሽኑን አስከፍታችሁ አስነሱት። የሚንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ችግር አለበት። አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ ማስመሪያውን ከሥሩ ጎማ ላይ አስደግፉ። ብርሃን በመሐል ከታየ ጎማው ጠማማ ነው፤ እንጨታችሁም እንደዚያው ይሆናል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ጠይቁ። የክቡ ወረቀት ቀዳዳዎች ከጎማው ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው፤ ብናኙ የሚመጠጠው በእነሱ ነው። ለ125 ሚሊ ሜትር በብዛት የሚገኘው ባለ 8 ቀዳዳ ነው። ባለ 5 የሆኑም አሉ። ወረቀቱ ገበያ ላይ የማይገኝ ማሽን በርካሽ ብታገኙትም አይጠቅማችሁም።

ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ የሚመጣ ማሽን ከሆነ ቮልቱን አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ 220። በቀጥታ ብትሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ አቅሙም ከማሽኑ ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ለ300 ዋት ማሽን 500 ዋት ማለት ነው። የሶኬት ቅርጽ መቀየሪያ ብቻውን ቮልት አይቀንስም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በባትሪ የሚሠራውን የምታመጡ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ፈልጉ። ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚጫነው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። 18 ቮልት፣ 5 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ነው፤ ያልፋል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ ጥሩ ነው። ግን ሳንደር እንደ ድሪል ሳይሆን ሳያቋርጥ ስለሚሠራ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ከአንድ በላይ ያስፈልጋችኋል።

4. በራሳችሁ እንጨት ላይ አወዳድሩ

ቁራጩን ጣውላ በሞርሳ እሰሩ። በእርሳስ በእኩል ክፍል ከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ክፍል። ሁሉም ላይ ቁጥር 80 ግጠሙ። በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት ደቂቃ ሥሩ። ከዚያ ሁሉንም በ120፣ ቀጥሎ በ180።

ሰዓቱና የወረቀቱ ቁጥር እኩል ካልሆነ የምታወዳድሩት ማሽኑን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ሲያልቅ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የቱ ብዙ ፋቀ፣ የቱ ያነሰ ጭረት ተወ፣ የቱ እጃችሁን አደነዘዘ። የመጨረሻውን አትናቁት። ለሁለት ደቂቃ የማይሰማ ንዝረት ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣት ያደነዝዛል።

5. የወረቀቱን ቁጥር በቅደም ተከተል ያዙ

ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ይሻክራል። ለሻካራ ጣውላ 60 ወይም 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180። በመላጊያ የተላገ ንጹሕ ገጽ ከሆነ ከ120 ጀምሩ።

እያንዳንዱ ወረቀት ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የቀደመውን ወረቀት ጭረት ማጥፋት። ከ80 ዘላችሁ 220 ብትገጥሙ፣ ደቃቁ ወረቀት የ80ውን ጥልቅ ጭረት መድረስ አይችልም። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከታች ጭረቱ አለ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሲነካው ይወጣል።

ለቫርኒሽ 180 ይበቃል። ውኃ ላለው ማጨረሻ (በውኃ ለሚቀጥን የመጨረሻ ቅብ) እስከ 220 ሂዱ። ማቅለሚያ የምትቀቡ ከሆነ ከዚያ በላይ አትውጡ፤ እንጨቱ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ቀለሙን በደንብ አይጠጣም።

እንጨቱም ይለያያል። ዝግባ ለስላሳና አንድ ወጥ ስለሆነ ትንሹን ጭረት ሳይቀር ያሳያል፤ እጃችሁን አቅልሉ። ጥድ ቅባት አለው፤ ወረቀቱ ቶሎ ይደፈናል፣ ስለዚህ ትርፍ ወረቀት ያዙ። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋንዛ ደግሞ ለሥራ የሚገራ እንጨት ነው፤ ለመለማመጃ እሱን እመርጣለሁ።

6. እንዲህ ያዙት

በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ቀለል ያለ የተጠማዘዘ መስመር ጫሩ። መስመሩ በሙሉ ሲጠፋ ገጹ በሙሉ ተነክቷል ማለት ነው። አዲስ ወረቀት በገጠማችሁ ቁጥር ይህን ድገሙ።

ራንደም ኦርቢታሉን መጀመሪያ እንጨቱ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ አስነሱ። አየር ላይ ከተነሳ ጎማው በነጻ ይሽከረከርና ሲወርድ ይቧጭራል። ቤልት ሳንደር ተቃራኒው ነው፦ አየር ላይ አስነሱት፣ ከኋላው ጀምራችሁ በቀስታ አሳርፉት፣ ሳታጠፉት አንሱት። እንጨቱ ላይ እንዳለ ካስነሳችሁት ከእጃችሁ ያመልጣል።

አትጫኑ። የማሽኑ ክብደትና የእጃችሁ ክብደት ይበቃል። ራንደም ኦርቢታል ሲጫኑት መሽከርከሩን ያቆማል፤ ያኔ ከካሬው ጋር አንድ ሆነ። የሚያስደንቀው ነገር ቀለል ባደረጋችሁ መጠን ፍጥነቱ መጨመሩ ነው።

በዝግታ ሂዱ፤ በሰከንድ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል። አንድ ሜትር ለማለፍ 40 ሰከንድ ማለት ነው። መጀመሪያ በጣም ዝግ ያለ ይመስላችኋል። በእያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሹን ደርቡ። ጠርዝ ላይ ስትደርሱ የጎማው ትልቁ ክፍል እንጨቱ ላይ ይቅር። ከወጣ ያጋድላል፣ ጠርዙንም ያዶለዱማል።

ቤልት ሳንደርን በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ነው የምትነዱት። ቀበቶው ውስጥ ያለውን ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር አስተያዩ። በግልባጭ የገባ ቀበቶ መጋጠሚያው ላይ ይበጠሳል።

7. በውኃና በብርሃን መርምሩ

180 ከጨረሳችሁ በኋላ ብናኙን በደንብ ጥረጉ። የስልካችሁን መብራት ከገጹ ጋር ጎን ለጎን፣ ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከላይ ሲያበሩት የማይታይ ጭረት በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል።

ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ገጹን አንዴ አብሱ። ውኃው ቫርኒሽ ሲቀባ የሚመጣውን መልክ አስቀድሞ ያሳያችኋል። የጥንዚዛ እግር የመሰለ የተጠማዘዘ ጭረት ካያችሁ አንድ ቁጥር ተመለሱ። እዚህ ላይ መመለስ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከቫርኒሽ በኋላ ግን ሁሉን መፋቅ ነው።

ውኃው የእንጨቱን ደቃቅ ፀጉርም ያስነሳል። ሲደርቅ በ220 ቀለል አድርጋችሁ አንዴ ብቻ እለፉበት። ይህን ካደረጋችሁ ውኃ ያለው ማጨረሻ ስትቀቡ ገጹ ዳግም አይሻክርም።

8. በእጅ ጨርሱ

የመጨረሻውን ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ በጅማቱ አቅጣጫ ብቻ፣ ጥቂት ጊዜ ሳቡ። የቀረ ክብ ጭረት ካለ ቀጥ ያደርገዋል። ከጅማቱ ጋር የተስተካከለ ጭረት አይታይም።

ማስጠንቀቂያ

- የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ጭንብሉን ማሽኑ ሲጠፋም ቶሎ አታውልቁ፤ ደቃቁ ብናኝ አየር ላይ ይቆያል። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ስትሠሩ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብናኙ እጅግ ደቃቅ ነው፣ ሙጫም አለበት።
- የቆየ የቀለም ቅብ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። በደረቁ በማሽን አትፋቁት። በቀለም ማንሻ ኬሚካል አውርዱት፤ ሕፃናትና እርጉዝ ሴቶች አካባቢው አይኑሩ።
- ወረቀት ስትቀይሩ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ የባትሪውንም ባትሪ አውጡ።
- ምስማር ካለ አስቀድማችሁ አውጡ ወይም አስገቡ። ቤልት ሳንደር ብረት ሲነካ ፍንጣሪ ይወጣል፤ ፍንጣሪውም በሰጋቱራ የተሞላ ከረጢት ውስጥ ይገባል።
- የነጠላ፣ የሻርፕና የሹራብ ጫፍ፣ ረጅም ፀጉርም ከቤልት ሳንደር ይራቅ።

ዘወትር የማያቸው ስህተቶች

*ያለቀ ወረቀት መጠቀም።* የደከመ ወረቀት ከመፋቅ ይልቅ ያግላል። መጫን እንዳማራችሁ ሲሰማችሁ ወረቀቱን ቀይሩ።

*ስስ ልባስ ያለውን ኮምፔንሳቶ እንደ ጣውላ መፋቅ።* የላይኛው ንብርብር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቤልት ሳንደር በቅጽበት ይበሳዋል። ከ150 ወይም ከ180 ጀምሩ፣ በካሬው ወይም በራንደም ኦርቢታሉ፣ ለአጭር ጊዜ።

*የደረቀ ኮላ ላይ በቀጥታ መሄድ።* ኮላው በሙቀት ይለሰልስና ወረቀቱን ይደፍናል። መጀመሪያ በመሮ ወይም በመፋቂያ አንሱት።

*ቁጥር ሲቀየር ገጹን አለመጥረግ።* ከ80 ወረቀት የወደቀች አንዲት ቅንጣት ከ180ው ሥር ገብታ አዲስ ጭረት ትሠራለች።

*የብናኝ ከረጢቱን ሞልቶ ማሳደር።* ሲሞላ መምጠጡን ያቆማል፣ ወረቀቱም ይደፈናል። የቫርኒሽ ብናኝ ካለበት ደግሞ ተከማችቶ በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። ሁልጊዜ ማታ ከቤት ውጭ አራግፉት።

*ቬልክሮው ወረቀት አልይዝ ሲል ማሽኑ አለቀለት ብሎ መጣል።* ያለቀው ጎማው ብቻ ነው። ለብቻው ይሸጣል። ከሥሩ ያለውን ብሎን ፈታችሁ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ የብሎን ቀዳዳውና የብናኝ ቀዳዳው ከአዲሱ ጋር መግጠሙን እዚያው አስተያዩ። ስትሠሩ ባለመጫን፣ ያለ ወረቀት ባለማስነሳትና የጋለ ወረቀት ቶሎ በመቀየር ጎማውን ለረጅም ጊዜ ማቆየት ትችላላችሁ።